መድረሻ ፊደል

ድንጋይ ጠራቢ ነኝ፣ ጽቪካው ነው ቤቴ፣
የማስከፍል በፊደል፣ እንደ ሟች አባቴ።
በኅዳር ማክሰኞ፣ ዝናብ እያካፋ፣
ፍራው ሂልሸር ገባች፣ ዣንጥላዋን አጥፋ።

ከሃይፎንግ የመጣች፣ በፈረሰው መንግሥት፣
በፈትሉ ፋብሪካ ክር ስትቀጥል ሌሊት
መካኒኩን ያገባች፣ ኤገርት ሂልሸርን፤
ሠላሳ አራት ዓመት አረመላት ቅጽሏን።
ዳቦ መሸጫ ቆማ «ትኩስ ዳቦ» ስትል
የቅጽሏ ጫፍ፣ ያቺ ትንሽ «ስ»፣ ከአፏ ስትወድቅ
እሱ ከኋላዋ፣ እንደ ወደቀ ጓንት፣
አንስቶ ያቀብላት ነበር።

ወረቀት ዘረጋች፦ «ማይን ሊበር ማን»።
ውድ ባሌ።
ከመቃብር በላይ የሚውል ስም ነው ይላሉ፤
ስሙንማ ማንም ይቀርጻል፤
ቅጽሉ ላይ ነው እጅ የሚንቀጠቀጠው።

«ይህ ባለቤት ነው» አልኳት፣ «አድራጊ፣ ቋሚ ሰው፤
ብስክሌት የሚጠግን፣ ሾርባ የሚያማስለው።
ድንጋዩ ግን ለእሱ ነው። ዛሬ ተቀባይ ሆኗል።
'ማይነም ሊበን ማን' ብለን ብንጽፈው ይሻላል።»

በጣቷ ቆጠረች። «ሁለት ፊደል ጨመረ።
ደግሞ እዚህ 'ም' ካለ፣ እዚያ ለምን 'ን' ኖረ?»

«ከፊት የሚሄደው ቃል ፋኖሱን ከያዘ፣
የኋላው ቅጽል እጁን ኪሱ ከትቶ 'ን' እያለ ይከተላል።
ፊተኛው ባዶ እጁን ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣
ፋኖሱን ቅጽል ያነሳል።
ሌላ ሰው የለማ።»

«በእኔው ጽሑፍስ?»

«በእርስዎማ 'ማይን' ባዶ እጁን ነው፤
'ር'ን የተሸከመው
'ውድ' የሚለው ቃል ራሱ ነው።»

ዝናቡን አየች። ከዣንጥላዋ የወረደው ውሃ
ወለሌ ላይ ኩሬ ሠርቷል።
«እንግዲያው አይንኩት» አለች። «ይሸከም።
ባለቤቴም ባለቤት ሆኖ ይቆይ።»

ከስሙ በላይ አሥራ አራት ፊደል ቀረጽኩ።
«ር» ላይ መሮዬ ትንሽ ጠለቀ፤
የእሱን አላስከፈልኳትም።

በጥር፣ ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ፣ ድምፅዋን ሰማሁ፦
«ፍሪሸስ ብሮት»፤
«ስ»ን ያዝ አድርጋ፣ ቢላ ሲሳል እንደሚሰማው።
ሻጯ ዳቦውን ጠቀለለች።
እሷ ግን ዞር ብላ ከኋላዋ ተመለከተች፤
የቆምኩት እኔ ነበርኩ።