የቀለም ካርድ

ሥራዬ ቀለም ነው፤ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣
ከመጋረጃ ሰፊው ጥግ፣ ከሰዓት አዳሹ ወዲያ።
ቆርቆሮ በካቻቢቴ ስከፍት ነው የኖርኩት፣
የስንቱን ሳሎን ግድግዳ በባልዲ በጠበጥኩት።
«ክሬም ይሁን፣ ግን ፈዘዝ» ሲለኝ ደንበኛ ሲያዝ
ጣቴ ቁጥሩን ያውቀዋል፣ ካርዱን ሳልይዝ።

ልጄ ስትወለድ ግን ካርድ አልነበረኝም።

በመጀመሪያው ሌሊት ጨርቋን ብፈታ፣ ሬንጅ!
የኮምቦልቻን መንገድ ያነጠፉበት ዓይነት፣
የሚለጠፍ፣ የሚያበራ፣ ሽታ የሌለው ጥቁረት።
ደነገጥኩ። ጦይባ ከአልጋዋ ሳቀችብኝ።
አዋላጇ፣ «የሆድ ስንቋ ነው፣ ይውጣላት» አለችኝ።
በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ፣ የዝናብ ማግስት ቅጠል፤
በአምስተኛው ሰናፍጭ፣ ሰሊጥ የነሰነሱበት የሚመስል።
«የጡት ልጅ እንዲህ ነው!» አሉ አማቴ፣ ወይዘሮ ዘምዘም፤
እኔም እንዲያ ያለ ቢጫ ቀላቅዬ አላውቅም።

ከዚያ፣ መቼ እንደጀመረ እንጃ፣
ደበዘዘ፣ ፀሐይ እንደበላው መጋረጃ።
የክክ ቢጫ ሆነ፣
ከዚያ የሽሮ፣
ከዚያ የዱቄት።
በስድስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣
ኖራ።

ነጭን አውቀዋለሁ። ከሁሉ በላይ የምሸጠው እሱን ነው፤
ለሰርግ፣ ለመውሊድ፣ ለአዲስ ተከራይ ቤት፣
ሰው የትናንቱን እድፍ ሁሉ የሚሸፍንበት።
«አብሽር» አሉ አማቴ፣
«ነጭ ጠጣች፣ ነጭ ወጣ፤
ከወተት ታዲያ ምን ይምጣ?»
ልቤ ወደደው። ትጠባለች፣ ትተኛለች፣
ትናንትና ደግሞ ፈገግ ብላልኛለች።

ማታ፣ የጠፋው መብራት ሲመጣ፣ ዓይኗን አየሁት።
ቢጫው እዚያ ነበር።
ከጨርቋ የኮበለለው ቢጫ
ዓይኗ ውስጥ ተደብቆ ነበር።
ሽንቷም እንደ ቆየ ሻይ ጠቁሮ።
ቀለም አይጠፋም፤ ይህን ሙያዬ አስተምሮኛል፤
ከአንዱ ከጎደለ፣ ሌላው ላይ ፈስሷል።

ጨርቁን በፌስታል ቋጥሬ፣ ጦሳ ጉሙን ሳይገልጥ፣
ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆምኩ፤ ልቤ ሲቀልጥ።
ሲስተር ትርንጎ ፌስታሉን ፈታች፤ አፍንጫዋን አልያዘችም፤
ወደ መስኮቱ ወሰደችው። (ቀለም በአምፖል አይታይም፤
እኔም ለደንበኛ የምለው ይህንኑ ነው።)
ከመሳቢያ አንዲት ካርድ አወጣች።
ካርድ! ትናንሽ አራት ማዕዘኖች፣ ከሥራቸው ቁጥር።
ጨርቁን ከግራው ጫፍ አስጠጋችው። ገጠመ።
«ስንት ቀኗ ነው?»
«አርባ ሦስት።»
«እሰይ፣ አልረፈደም። ግን አንድም ቀን አትጨምር።
ሐሞቷ ወደ አንጀት አልወረደም፤ መንገዱ ተዘግቶ ይሆናል።
አረንጓዴ ቢሆን ብዙም አላስብም ነበር።
እንዲህ ሲነጣ ግን፣ ወይ ደም ሲቀላቅል፣
ወይ ያ የመጀመሪያው ጥቁር ካለፈ በኋላ ሲመለስ፣
ሰው አትጠይቅ። እኛ ዘንድ ይዘህ ድረስ።»

ለአዲስ አበባ ሪፈር ጻፈች።
አማቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኙን። የሻሻቸውን ጫፍ ፈቱ፣
ሦስት ጊዜ የታጠፈ ብር እጄ ውስጥ ከተቱ።
«እኔ ነኝ ያዘገየኋችሁ።»
«አይደሉም እማዬ» አልኩ፣
«እኔ ነኝ። ቀለም ነጋዴው።»

ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ በዘጠነኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ፣
ጦይባ ጨርቁን ይዛ ወደ መስኮቱ ጠራችኝ።
ቢጫ ነው? ነጭ ነው? ክርክር ገጠምን።
ከግራው ጫፍ ግን አንድ ቤት ወዲህ መጥቷል።
ሐኪሙ «ገና ነው» አለ። ገና ነው።

አሁን ሱቄ ውስጥ፣ ከግድግዳው ቀለም ካርድ አጠገብ፣
የሲስተር ትርንጎ ካርድ ተለጥፏል።
ትናንት አንድ ጎልማሳ ነጭ ሊገዛ መጣ፣
ሚስቱ አራስ ልጅ አዝላ።
ክዳኑን ሳልከፍት፣
«ልጁ ምን ዓይነት ነው የሚጥለው?» አልኩት።
ሳቀ።
እስኪመልስልኝ ጠበቅሁት።