ክትክታ፣ ናሙና ቁጥር ሰባት

ስፍራ፦ አዳማ ዳር፣ ከነፋስ ማማዎቹ ሥር።
አፈር፦ ጠጠራም፣ አመድማ።
ቁመት፦ እስከ ደረቴ።
ቀን፦ የካቲት ማለቂያ።
ሰብሳቢ፦ ስሜን ጻፍኩ፣ ሠረዝኩ፣ መልሼ ጻፍኩ።
ቅጹ ከዚህ ሌላ ምንም አይጠይቅም፤
የቀረውን እዚህ፣ ከጀርባው ላጠራቅም።

ከባጃጁ ወርጄ ዳገቱን ስጀምር
ብርቱ ነው ነፋሱ፣ ያስረሳል መናገር።
ባለ ሦስት ክንፎቹ፣ የብረት ግዙፎች፣
አየር ይፈጫሉ፣ እንደ ሰማይ ወፍጮዎች።
ከእግራቸው ሥር ደግሞ፣ ሽቦ ያልዘረጋ፣
ነፋስ የሚያስገብር ያለ አንዳች ዋጋ፣
እሱም ባለ ሦስት ክንፍ፣ ከጥፍሬ የማይበልጥ፣
እንደ ስስ ወረቀት በብርሃን የሚቀልጥ
የክትክታ ፍሬ።

ቅጠሉን ዳሰስኩት፤ ጠባብ፣ እንደ ጦር ጫፍ፣
ሙጫ የተቀባ፣ ከጣት የሚለጠፍ።
የሚያብለጨልጨው ጌጥ መስሎኝ ነበር፤
ጋሻው ኖሯል ለካ፣ ውሃ እንዳይከስር።
አበባው ራቁቱን፤ ጌጥም የለው፣ ቀለም፤
ንብ ልጥራ፣ ቢራቢሮ ልጋብዝ አይልም።
ነፋስ ነው አማጩ፣ ነፋስ ነው ሚዜው፤
ሠርጉም አቧራ ነው፣ ሲመጣለት ጊዜው።

ወንዱና ሴቷ ግን ለየቅል ይቆማሉ፤
ስድስት ናሙናዬ ወንድ ነበሩ ሁሉ።
ሰባተኛዋን ግን ያሳየኝ ዘበኛው፣
ሁንዴ፣ ትርጉሙ ‹ሥር›፣ ያ የሌሊት ተረኛው።
ከማማው ጀርባ ወሰደኝ፣ ከቋጥኝ ተጠግታ
ቆማለች ብቻዋን፣ በፍሬ ቀልታ።

‹እኛ ኢተቻ ነው የምንለው። እናንተስ?›
‹ክትክታ።›
‹ምን ማለት ነው?›
አላውቅም።
ይከተክቱታል፤ ለአጥር፣ ለማገዶ፣ ለጥርስ መፋቂያ፣
ለዶማ እጀታ፣ ለጎጆ ማዋቀሪያ።
ወይስ ፍሬው ሲደርቅ፣ ነፋስ እየኮረኮረው
ክትክት ብሎ ስለሚስቅ ነው?
የቋንቋ ሰው አይደለሁም፤ ቅጠል ነው የምቆጥረው።
ግን የሚከተከተውም፣ የሚንከተከተውም፣ እሱው ነው።

አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ ከጋዜጣ መሃል አስተኛሁ፤
የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላቸው ዝርዝር ላይ፤ ስሜን እንደገና ፈለግሁ።
የለሁበትም። እሷ ግን ገባችበት፣ በሁለት ገጽ ላይ ተዘርግታ፣
የማንም ያልሆነችው፣ የድንጋዩ ክትክታ።

ዘሩን ወደ ቤት ወሰድኩ፤ ጥቁር ነው፣ እንደ ባሩድ ፍሬ።
አርባ ቀን አጠጣሁት፣ በግድግዳው ላይ ቆጥሬ።
ዝም። ልጡ ድንጋይ ነው፤ ውሃ አይገባውም፤
ለስላሳ ቃል ቢሉት፣ እሱም አይገባውም።

ተመልሼ ወጣሁ፣ ጣሳዬን ይዤ።
ለሁንዴ ነገርኩት። ፔርሙሱን አነሳ፣
የሻዩን ፍል ውሃ ገለበጠው ከዘሬ ጣሳ።
‹ምን አደረግህ!› ጮኽኩ። እሱ ግን በጣቱ
ማዶውን አሳየኝ፣ ያንን ጥቁር ገላጣ፦
‹አምና በግንቦት እሳት በላው።
ሰው ሁሉ አለቀለት ብሎ አለቀሰለት።
በሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ግን
ቡቃያው እንደ ጤፍ ፈላ፣ በከሰሉ ላይ ብቻ።
ካልነደደው ጎን አንድም አላየሁ።
ይኼ ነገር ካላቃጠልሽው አያምንሽም።›

በአሥራ አንደኛው ቀን ሦስት በቀሉ።
የቀሩት ተቀቅለው ቀሩ፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ።
ሦስቱን ከመስኮቴ አስቀመጥኳቸው፤ ሁለት ሁለት ቅጠል፣
ቀጫጭን፣ ገና ከአሁኑ ጣት ላይ የሚለጠፉ።
ወንድ ይሁኑ ሴት ለማወቅ
ዓመታት መጠበቅ ነው።

ከቅጹ ግርጌ አንዲት ጠባብ መስመር አለች፣
‹አስተያየት› የምትል። ሁሌ ባዶዋን ትቀራለች።
ዛሬ ሞላኋት፦
ያን ሌሊት በማማው ሥር ብርዱ ከባድ ነበር።
ሁንዴ ሻይ አልጠጣም።