የተረፈ ቡሎን

ያ ቀይ የዘይት መብራት ዓመታት ዋሽቶኛል፤
ዘይቱ ሞልቶ ሳለ «ጎደለ» ብሎኛል፤
በጣቴ መታ ሳደርገው፣ እንደ ሐሰት ምስክር፣
አፍሮ ይጠፋ ነበር።
እውነት የተናገረ ቀን
እጄን እንኳ አልዘረጋሁም።

ከታኳሬምቦ ወጣ ብሎ፣ በሐምሌ ውርጭ ማለዳ፣
በግራም በቀኝም ከብት፣ ማለቂያ የሌለው ሜዳ፤
ከእግሬ ሥር ብረት ጮኸ።
ቢየላው ብሎኩን በሳው፤ ጡጫ የሚያሾልክ ቀዳዳ።
ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ጠቁሮ ሲዘረጋ
የአባቴ ፔዦ፣ አራት መቶ አራቷ፣
የአርባ ዓመት ወሬዋን
መሐል ላይ አቋረጠች።

እኔ መድኃኒት ቀማሚ ነኝ፤
ሚሊግራም እመዝናለሁ፣ መፍቻ አልጨበጥኩም፤
የታመመ ሲመጣ «ይሻልሃል» ማለት እንጂ
የሞተ ብረት ፊት ምን እንደሚባል አላወቅኩም።

ጎሚስታው ዊልማር ኮፈኑን ከፍቶ
ቆቡን አውልቆ ቆመ፣ ለቅሶ ቤት እንደ ገባ።
«ይህስ አለቀለት» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ፣
«ሞተር ሞተ ተብሎ መኪና ይቀበራል? እንዳትባባ!»

ስልኩን አነሳ። በከተማችን አሮጌ መኪና
እንደ አሮጌ ፈረስ የሚወዱ ስድስት ሰዎች አሉ፤
እሑድ እሑድ ተሰብስበው
ስለ ፍሪሲዮን እና ስለ ዝናብ ይከራከራሉ።
ከስድስቱ አንዷ ኔልሲ፣ የበያጅ ሚስት የነበረች፣
ባሏ ሲሞት ብየዳውን ወርሳ ያልጣለች፣
«ሳልቶ» አለች፤ «ሽማግሌው ኤልቢዮ ጋ፣ ከዶሮ ቤት፣
የወንድሙ ሞተር አለ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ዶሮ የተኛበት።»

ሄድን። እውነቷን ነው። ከካርቡራቶሩ ሥር
ትኩስ እንቁላል ነበር።
ኤልቢዮ እንቁላሉን አንስቶ ኪሱ ከተተ፣
ገንዘቤን አየና ፊቱን መለሰ፦
«አልሸጥም። ውሰዱት። ሲነሳ ግን ጥሩኝ።»
ያ ሞተር ለምን ለብቻው እንደቀረ፣
የወንድሙ መኪና ቀሪ አካሏ የት እንዳለች
አልጠየቅነውም።
ሲሸኘን፣ ዝም ብሎ፣
ወደ ድልድዩ ጠቆመን በአገጩ።

ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው አሉ፤
ሞተር ግን ሎሚ አይደለም፣
ለስድስት ሰው ወገብም ሸክም ነው።
ከቄራ ሰንሰለት መጣ፣ በሬ የሚሰቀልበት፣
የደም ሽታው ያልለቀቀ፤
የሞተውን አወጣንበት፣ «አዲሱን» አወረድንበት።
የማቴ ቅሏ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፣
ግራሶ የነካው ከንፈር ሁሉ ይስማታል፤
ዊልማር ይሳደባል፣ ኔልሲ ትበይዳለች፣
እኔ መብራት ያዥ ነኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል።

በሦስተኛው እሑድ ቁልፉን አዞርኩ።
ሳል። ዝምታ። ደግሞ ሳል።
ባትሪው ደከመ፤ ሰው ሁሉ አቀረቀረ።
የዊልማር ልጅ ዛይራ፣ የአሥር ዓመቷ፣ ከግንቡ ላይ ሆና፣
«የካንዴላው ገመድ ተዛውሯል» አለች፤
«አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት።»
አስተማሪዋ ብትሰማት ዜሮ በሰጠቻት።
ሞተሩ ግን ልክ ነሽ አላት።

ኤልቢዮ በአውቶቡስ መጥቶ ነበር፣ ክራባት አስሮ፤
መዳፉን ፓራፋንጎው ላይ ጥሎ፣ ወደ ሞተሩ አቀርቅሮ፣
«ጠዋት ጠዋት ያስለዋል» አለ፤ «አትቆጡት።
ዋልዴማርም እንዲህ ነበር።»
ሌላ ቃል አልጨመረም።

እኔም አዳመጥኩ። የአባቴ ድምፅ አልነበረም፤
ወፍራም ነው፣ ችኩል አይደለም፣
ዳገት ሲወጣ ያጉረመርማል።
ቀስ እያልኩ ለመድኩት፣ እንደ እንጀራ አባት።

ለቀዩ መብራት አዲስ አምፖል ገዛሁለት፤
ሲበራ እቆማለሁ፣ እውነትም ቢሆን፣ ውሸትም።
አንድ ቡሎን ግን ተርፎ
መድኃኒት ቤቴ ሚዛን አጠገብ ተቀምጧል፤
መዝኜዋለሁ፤ አርባ ሁለት ግራም ነው።
ስድስቱም «የእኔ አይደለም» ብለው ይምላሉ፤
መኪናዋም እስካሁን
አምጡ አላለችም።