አየር ላይ የቀረው ሰይፈኛ

ጥር ነበር በሙሮስ፣ ከጋሊሲያ ዳር፤ ዝናቡ አያባራም፤
ጀልባው ሁሉ ታስሯል፤ ባሕሩ አይራራም።
ሥራ የፈታ ሰው ዓሣ ዓሣ እየሸተተ
ኤላዲዮ ሲኒማ ተጋፍቶ ተከተተ።
ጣሪያው ያፈስሳል፤ ባልዲ ከሥር አለ፤
በየጠብታው መሃል ሙዚቃው ቀጠለ።
አክስቴ ኦብዱሊያ ትልቅ ጃንጥላዋን
ከላዬ ዘርግታ ትቆረጥማለች ለውዟን።
እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፤ እግሬ መሬት አይደርስ፤
ዓይኔ ግን ሄዷል፣ ከዚያ ማማ ድረስ።

ሸራው ላይ ያለው ሰው፣ ባለ ላባ ባርኔጣ፣
ከጨዋ ቤት ሳይሆን ከጨዋነት የመጣ፣
«ይማሩኝ ጌታዬ» ብሎ ነው የሚወጋ፤
የጣለውን ደግፎ ያስተኛዋል ካልጋ።
ፈረሱ ድልድይ ይፈራል፤ በጀርባው ተሸክሞ
ራሱ ያሻግረዋል፣ ትንሽ አጉረምርሞ።
መስፍኑ ክፉ ነው፤ ጢሙ ግን የውሸት፤
ሾርባው ውስጥ ይወድቃል በተነሣበት ንዴት።
ጠንቋይቱ ደግሞ መነጽሯ ጠፍቶ
ልዑሉን ስትረግም፣ ድግምቷ ተስቶ፣
ወጥ ቤቱ ዳክዬ ሆነ፣ ጭልፋውን አንግቶ።

ሙሮስ ሣቀ። ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ማንም አላየ።
ኤርሚታስ ሳትቀር፣ ባሏን ባሕር በልቶባት
ከኅዳር ወዲህ ጥርሷን ማንም ያላየላት፣
ሣቀች። የገዛ ሣቋ አስደነገጣት።
አፏን በእጇ ያዘች፤ ደግሞ አመለጣት።

ከማማው ጫፍ ወጡ፤ ሰይፍ ከሰይፍ ተፋጨ፤
ከብረቱ መሃል የእሳት ፍንጣሪ ተረጨ።
ልዕልቲቱ ከመስኮት ፖም እየገመጠች
«ክንድህ ዝቅ ብሏል፤ ቀና አርገው» እያለች።
ባለ ላባው ዘለለ፤ ገደሉን ከሥሩ ጣለ፤
ካባው እንደ ጀልባ ሸራ አየር ላይ እንዳለ፣
እግሩ ምንም ሳይነካ፣
ጠጅ ሳር የመሰለ ቢጫ ነገር መሃሉ ላይ በቀለ፣
ሰፋ፣
ጠቆረ፤
ፊልሙ ተቃጠለ።

ኤላዲዮ ከላይ፣ ከዚያች ጠባብ ቀዳዳ፣
አንገቱን አወጣ፣ ፊቱ እንደ ባለ ዕዳ፦
«ቀሪው ጥቅልል ነደደ። ሌላ ቅጂ የለኝም።
እናንተው ጨርሱት፤ ገንዘብ አልመልስም።»

ይሄኔ ነበር ማየት! መረብ ጠጋኙ ሬሜሂዮ
«የጭድ ጋሪ አለ ከታች፤ ይወድቃል እሱ ላይ» አለ።
«ጋሪ የት አየህ? ዳክዬው ነው የሚቀበለው» የሚል ተከተለ።
መድኃኒት ቀማሚው ረጅም ዳቦ መዝዞ
ተነሣ፤ አክስቴም ተነሣች፣ ጃንጥላዋ ተመዝዞ።
በወንበሮቹ መሃል፣ አንድ ወደፊት፣ ሁለት ወደኋላ፣
ፍርፋሪው ሲዘንብ፣ ልጁ ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ አክስቴ ስትቀላ፣
«ይማሩኝ ጌታዬ!» ብላ ወጋችው ሆዱን፤
እሱም ሞተ፣ ሁለት ጊዜ፣ እየበላ ዳቦውን።

ያኔ ኤርሚታስ፣ ከመጨረሻው ወንበር፣ ቀስ ብላ፦
«አይወድቅም» አለች። «ተዉት። እዚያው ይቆይ።»

ዳቦ የያዘው ዳቦውን ዝቅ አደረገ።
ጠብ። ጠብ። የባልዲው ድምፅ ብቻ።

*

ዛሬ፣ ተምረናል የሚሉ ወዳጆቼ
ይጠይቁኛል፦ ምን አለው ያ የተረት ፊልም፣ ቀልድ የበዛበት?
ምን ልበል? እዚያ አገር
ሞት ራሱ ጢሙ የውሸት ነው፤
ሾርባ ውስጥ ሲወድቅ አይተነዋል፤
እያወቅን፣ አጠገባችን ባዶ ወንበር እያለ፣
ለአንድ ምሽት ያህል ሣቅንበት።

ባለፈው ኅዳር በላ ኮሩኛ
ሙሉ ቅጂ ተገኘ ሲሉ ሰምቼ ሄድሁ፤
ያንኑ ሣቅ፣ እዚያው ቦታ፣ ሳላጎድል ሣቅሁ።
ልዕልቲቱ ፖሟን ስታነሣ ባርኔጣዬን ፈለግሁ።
ባለ ላባው ሲዘል፣ ካባው ሲዘረጋ፣
ጉልበት እየነካሁ ወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ ጠጋ።

ትኬት ቆራጯ ልጅ ቀና አለች፦
«ምነው? መጨረሻው አምስት ደቂቃ ቀርቶት፣ ያምልጥዎት?»
ደጅ ይዘንባል። ጃንጥላዬን መዘዝሁ።
«ይማሩኝ እመቤቴ» አልኋት።