ሁለት ዙር

ከላይ አንድ ሐይቅ አለ፣ ከታች አንድ ሐይቅ አለ፤
ታምፔሬ መሐል ላይ፣ ወንዙ እየዘለለ
አንዱን ላንዱ ሲያቀብል፣ ብርድ የማይገታው፤
ሃያ ሁለት ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው።

ሶልያና ልጄ በካሬ ወረቀት
ማቀዝቀዣ ነድፋ ይዛ መጣች ራት።
"ለኮምፒውተሬ ነው፤ ጨዋታ ሲከብደው
ማራገቢያው ቢጮህ ማንም አያበርደው።"
"መስኮት ብትከፍችስ?" አልኩኝ ለመሳሳቅ።
አልሳቀችም። ርቆናል ከማዕዳችን ሳቅ።

እኔ የቧንቧ ሰው ነኝ፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት
ምድር ቤት ለምድር ቤት ስድህ በጉልበት፣
ሙቅ ውሃ ሳዘዋውር ከፎቅ ወደ ፎቅ፤
የውሃን ጠባይ ከእኔ ወዲያ ማን ሊያውቅ?
ብዬ፣ መነጽሬን ከኪሴ አውጥቼ
ወረቀቷን አየሁ ሾርባዬን ትቼ።

ሰማያዊው መስመር ለፕሮሰሰሩ ነው፤
ቀዩ ለግራፊክስ ካርዱ፣ ለብቻው።
ሁለት ፓምፕ፣ ሁለት የውሃ ማጠራቀሚያ፣
ሁለት ራዲያተር፣ አስራ ስድስት ማገጣጠሚያ፤
የቱቦው ውፍረት በሚሊሜትር ተጽፎ፣
የዋቱ ድምር ከጎን በክብ ታቅፎ።

"አንድ ዙር ይበቃል" አልኳት፤ "አትክሰሪ፤
በሁለቱም በኩል አንዱን ውሃ አዙሪ።
ዞሮ ዞሮ ሙቀቱ መመሳሰሉ አይቀርም፤
ለሁለት ዲግሪ ብሎ ሰው ሁለት ፓምፕ አይገዛም።"

"አውቃለሁ አባዬ፤ ለዲግሪው አይደለም።
አንዱ ሲግል ሌላው አብሮ እንዳይታመም
ነው የለየኋቸው።"
          እንዲህ አለችና
ላጲሷን አነሳች፣ አጎንብሳ እንደገና።

ቅዳሜ ባቡር አላት፣ ወደ እናቷ፣ ወደ ቱርኩ፤
ሾርባው ሲቀዘቅዝ እኔ ዝም አልኩ።

ቆይቼ፣ በጥፍሬ ወረቀቱን ነክቼ፦
"ይኼ ፓምፕ ከማጠራቀሚያው በላይ ነው፤ አየር ይውጣል፣
ደርቆ ሲሽከረከር በሳምንት ይቃጠላል።
ይኼ ራዲያተር አሉሚኒየም ነው ወይስ መዳብ?
ሁለቱ በአንድ ውሃ አይኖሩም፤ አንዱ አንዱን ይበላል፣ ቀስ ብሎ፣ በጥበብ።
ማስወገጃስ? ያስገባሽውን በምን ታወጫለሽ?
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማሽ?"

"አልሰማሁም" አለች።
ግማሹን በፊንላንድኛ፣ ግማሹን በእጄ ምልክት ነገርኳት፤
ያን ጊዜ ሳቀች፤ ፍንጭቷን ካየሁ ሆኖኝ ነበር ወራት።

ሰኞ በሥራ ቦታ ለቬይኮ አሳየሁት፤
በቀን አራት ቃል ነው ከአፉ የሚወጡት።
ንድፉን በስልኬ ላይ አጉልቶ አየና
"ማን ሠራው?" አለ። "ልጄ።" "ጥሩ ነው።" አራት ሞላና
ወደ ቧንቧው ተመለሰ።

በበጋ እንጆሪ ለቅማ ነው ያጠራቀመችው፤
እያንዳንዱን ዩሮ ደብተር ላይ የጻፈችው።
ዕቃው በሦስት ሳጥን በየካቲት ገባ፤
"አስር ጊዜ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ" ብዬ ስባባ
አስራ አንድ ጊዜ ለካች፣ እልሄን ልታስጨርስ፤
ቱቦው ልክ ገጠመ፣ ሳይበልጥ ሳያንስ።

አንድ ቅዳሜ፣ ፓምፖቹን ብቻ አብርተን፣
ሌላውን ሁሉ ነቅለን፣
በየመጋጠሚያው ሥር ሶፍት አንጥፈን፣
ሄደች ወደ ባቡሯ።
እስከ ነገ ይዙር፤ ወንበሬ ከአጠገቡ፤
ሰማያዊውና ቀዩ ለየብቻ ሲያስቡ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ በቀዩ በኩል፣ ከታች፣
አንዲት ሶፍት ርሳለች!
በጉልበቴ ወረድኩ፣ በባትሪ ፈለግሁ፣
መጋጠሚያ በመጋጠሚያ በጣቴ ዳሰስሁ፤
ደረቅ። ደረቅ። ደረቅ። ሶፍቷን አሸተትኩ፤
ሻይ ናት። ብርጭቆዬን እዚያ ነው ያስቀመጥኩ።

ስልኬ በራ፦ "አባዬ፣ ፈሰሰ?"
"ደረቅ ነው" አልኳት፤ "አንቺስ በዚህ ሰዓት?"
"አንተስ?"
          ስለ ሻዩ አልነገርኳት።