መጣሁ

«መጣሁ» ብላ ወጣች እናቴ በጠዋት፣
ግማሿን ጉም ይዞት፣ ግማሿን እያየኋት።
ስድስት ዓመቴ ነበር። ጣርማ በር ላይ ቤታችን
ከመንገዱ ዳር ነው፤ መኪና ሲያቃስት ይሰማል ከደጃችን።
በእያንዳንዱ ኩርባ፣ በእያንዳንዱ ጥሩንባ፣
እሷ ናት እያልኩኝ ስወጣና ስገባ፣
ጉሙ ተገፈፈ፣ ክረምቱም አለፈ፤
ቃሏ ብቻ ቀረ፣ በሩን እንደደገፈ።

ዛሬ አርባ አንድ ዓመቴ። ደብረ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
ሌሊቱን ቆሜ አነጋለሁ የተበጠሰ ክር ሳነካካ።
አገር የሚሞቀውን ስሠራ አድሬ፣
በቀን እንቅልፍ የለኝ፣ ጆሮዬ ከበሬ።
ስንት ዓመት ጨጓራ ነው ብዬ ያስታመምኩት፣
ጨጓራ እንዳልሆነ ከሲስተር ይርገዱ ክፍል ነው የሰማሁት።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣
እንዳትነቃነቅ የታጠፈ ካርቶን ከእግሯ ሥር ይዛ።
ሦስት ወር ዝም አልኳት። እሷም አልቸኮለች፤
ዝምታዬን እንደ እንግዳ ወንበር ሰጥታ ተቀበለች።
ፈተንኳት፤ አርፍጄ ገባሁ። አልተቆጣችም።
ተሳደብኩ፤ በር ደበደብኩ። ድምጿን አልለወጠችም።
«ለደሞዝሽ ነው» አልኳት። «አዎ፣ ይከፈለኛል፤
የሚከፈለኝ ለሰዓቱ ነው፤ ስትቀር ግን ይሰማኛል።»

ከእኔ ቀድማ የምትገባ አንዲት የአንጎለላ ሴት አለች፣
ወንበሩን አሙቃ ትታ፣ ዓይኗን ጠርጋ ታልፋለች።
ቀናሁባት። አርባ ያለፈኝ ሰው፣ በወንበር ሙቀት ስቀና!
ነገርኳት፤ «ገባኝ» አለች ይርገዱ፣ ሳትስቅ፣ በትሕትና።

አንድ ነገር ታዘብኩ፤ በሰዓታችን መሃል አትወጣም ከበሩ፣
ስትሸኘኝም «ሐሙስ በሦስት» ብቻ፤ ይኸው ነው ነገሩ።
በነሐሴ አንድ ሐሙስ በሩ ተንኳኳ፤ ኮሪደር ላይ ሰው ወደቀ፤
ይርገዱ ብድግ ስትል ከአፏ አንድ ቃል ወለቀ፦

«መጣሁ።»

ክፍሉ ጠበበ። እጄን አጣሁ።

ጉሙ በመስኮቱ ስንጥቅ የገባ መሰለኝ፤
ስድስት ዓመቴ ሆንኩ፤ ያ ደጃፍ ታየኝ።
ልሂድ ብዬ ተነሳሁ፤ የበሩን እጀታ ጨበጥኩ፤
መነጽሯን ጠረጴዛው ላይ አየሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።
ሰው መነጽሩን ትቶ አይርቅም፣ አልኩት ለራሴ፤
እናትህ አንተን ትታ የለም ወይ? አለችኝ መልሳ ነፍሴ።

አሥራ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ ከዚያ የእግር ኮቴ ደረሰ፣
ገባች፤ የጋዋኗ እጅጌ እስከ ክርኗ የራሰ።
«የምቀር መስሎህ ነበር?» አለች። «ኧረ!» አልኩ ፈጥኜ።
«አዎ» አልኩ ቆይቼ፣ የሚንቀጠቀጥ ጉልበቴን በእጆቼ አፍኜ።
ያኔ ነው ያለቀስኩት፣ የሠላሳ አምስት ዓመት ዕዳ፤
ሶፍቱን ገፋ አደረገችው፣ ዓይኗ ግን ከእኔ ሳይከዳ።

ይኸው ነው። ተአምር የለም። የደብረ ብርሃን ብርድ ያው ብርድ ነው፤
በመጋቢት አንድ ሐሙስ ግን ከቀጠሮዬ የቀረሁት፣ ስሙኝ፣ በምን ነው?
በእንቅልፍ! ከፈረቃ ገብቼ፣ የአንድ እግር ጫማ ሳልፈታ፣
ጆሮዬን በሩ ላይ ሳልተው ተኛሁ እስከ ማታ።
ዓርብ በጠዋት ሮጥኩ፣ ማመካኛዬን ተሸክሜ፤
«ሲስተር፣ ትናንት እንቅልፍ...» ስል ከደረጃው ሥር ቆሜ፣
ቁልፏን ከቦርሳዋ መፈለጓን ትታ አየችኝ፤
«ደህና አደርክ?» አለችኝ።

የሰው ሁሉ ሰላምታ ነው፤ ይህን እያወቅኩ ጠንቅቄ፣
ቆም ብዬ አሰብኩና መለስኩላት፣ እንደ ጥያቄ።