ከነጽንሷ

ከባሂያ ብላንካ እስከ ሪዮ ጋዬጎስ
ሁለት ቀን ይፈጃል መንገዱ በእኛ ሬኖ ሲታረስ፤
መስኮቷ አይወርድም፣ ሬዲዮዋ ከሞተ ቆይቷል፣
ከኋላ ወንበር ሁለት ልጅ «ደረስን ወይ?» ይላል።

አምና በጥር፣ ገና ከተማውን ሳንለቅ፣
ራሚሮ ወንበሬን በጫማው ሲደልቅ፣
ሱሌማ ስታስታውክ፣ አንሴልሞ ዝም ብሎ መሪውን ሲያንቅ፣
«ለከርሞስ» አልኩ ለራሴ፣ «ለከርሞስ እንዲህ ሆኜ አልዘልቅ!»

የዳቦ ቤት ጉርሻዬን በመሐረብ ቋጥሬ
ዲቪዲ ማጫወቻ ፍለጋ፣ ሱቅ ከሱቅ ዞሬ፣
አዲሱን አገኘሁት፤ ስድስት መቶ ፔሶ! መስታወት ውስጥ ሆኖ
ከላይ እስከ ታች ያየኛል፣ እንደ ሀብታም አማት ተጀንኖ።
የሁለት ጎማ ዋጋ። «ደህና ዋል» አልኩትና
ወረድኩ ወደ ዶን ኢፖሊቶ፣ ወደ አሮጌ ዕቃ ጎዳና።

ሦስት አወረደልኝ ከመደርደሪያው ላይ፣
አቧራቸውን በክርኑ ጠርጎ፦ «ሴትዮ፣ ነክተሽ እይ።»
አንደኛው ዘጠኝ ኢንች፣ ሰፊ እንደ ትሪ፣
ባትሪው ግን በሃያ ደቂቃ ፍግም፤ ሰነፍ ተማሪ።
ሁለተኛው ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ሲያዩት የሚያሳሳ፣
አንዲት ጭረት ካገኘ ትን ብሎት፣ የት እንደነበር የሚረሳ፤
የልጆቼ ዲስክ ደግሞ ሁሉም ድመት የቧጠጠው፤
እንዲህ ያለ ጨዋ ዕቃ እኛ ቤት ገብቶ ስንት ቀን ነው የሚቀመጠው?

ሦስተኛዋ ሰማያዊ። ሰባት ኢንች። አንገቷ ተሰብሮ
በጥቁር ፕላስተር ታስሮ።
ግን የመኪና ገመድ አላት፤ ለጆሮ ማዳመጫም ሁለት ቀዳዳ።
ሁለት ቀዳዳ! ሁለት ልጅ ያላት ታውቀዋለች፤ ከጦርነት ያድናል፣ ያለ ሸንጎ፣ ያለ ዕዳ።
«ፀሐይ ላይስ ትታያለች?» «ፀሐይ ላይ... ኮፍያ ይጋርዳታል።»
«ዋስትናስ?» «እኔ አለሁ» አለ። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ ሳል ይዞታል።

መቶ ሰማንያ ጠራ። መቶ ሃያ አልኩ። ወጣሁ። ጠራኝ። ተመለስኩ።
በመቶ አርባ ቆረጥን፤ ፔሶውን ከመሐረብ ፈትቼ፣ እሷን በመሐረብ ጠቀለልኩ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም አገባሁ ሳላውቅ፤
የኮሎራዶን ወንዝ ተሻግረን ሱሌማ ክዳኗን ስትጫን፣ ብቅ
አለ አንድ የሰው ዲስክ፤ ርዕስ የለው፣ ሽፋን የለው፣ ራቁቱን የሚያንጸባርቅ።
«እማዬ፣ ይሄ የማነው?» እኔ ምኑን አውቄ!
አንሴልሞ በጉዞ ላይ ሲስቅ ያን ቀን አየሁ ተደንቄ።

የአንዲት ልጅ ልደት ነው፤ አሥራ አምስት ዓመቷ፤
«ኖርማ» ይላል ኬኩ፤ ሽቦ የታሰረ ጥርሷን በእጇ ስትጋርድ ታስቃታለች እናቷ፤
አክስት መሰለችኝ፣ ሰላጣ ይዛ የምትጮህ ስለ ማንኪያ፣
ጥርሰ ፍንጭት አጎት፣ የሚጨፍር አቅፎ መጥረጊያ።
ከዚያ አያትየው ተነሳ። ከዘራውን ለሰው ሰጠ።
ሁለት እርምጃ ከልጅቷ ጋር ጨፈረ። መብራት ተቋረጠ።
በጨለማው ሳቅ ብቻ፣ ሳቅ፣ አንድ ብርጭቆ ሲሰበር፣
ያ ነው መጨረሻው። ሌላ ነገር አልነበር።

ከቤት ያመጣነው ፊልም ሁሉ ቦርሳ ውስጥ ተረሳ፤
እስከ ሳን ሁልያን ዘጠኝ ጊዜ ኖርማ ሻማ እፍ አለች፣ ዘጠኝ ጊዜ ሽማግሌው ለጭፈራ ተነሳ።
ውጭ ጓናኮ ይሮጣል፣ ነፋስ ሬኖዋን ይገፋል፣
ውስጥ ራሚሮ «አሁን ሊጠፋ ነው!» ብሎ ትንፋሹን ይይዛል።
ሱሌማ ትጨነቃለች፦ «አያትየው በጨለማ ወደቀ ወይስ ቆመ?»
ጥያቄው ሁለት መቶ ኪሎሜትር አብሮን ከረመ።

ነዳጅ ማደያ ስንቆም ከወረፋው መሐል ሰው ይፈልጋሉ፤
ፍንጭት ባዩ ቁጥር «አጎትየው!» ይላሉ።
ኮሞዶሮ ላይ አንዱን ሾፌር ራሚሮ ደፍሮ ጠየቀው፦
«ኖርማ ደህና ናት?» ሰውዬው ዳቦውን ከአፉ አወጣና፣ «ደህና ናት፣ ልጄ» አለው።

ስንመለስ ሄድኩ ሱቁ፤ ማን እንደሸጠለት አያስታውስም።
«ባትሪዋስ?» አለኝ። ሞታለች፤ ገመድ ካልሰኩባት አትተነፍስም፤
አንገቷም ዳግም ወልቋል። «ልቀይርልሽ?» «ተወው» አልኩት፣ «ተወው።»
ዲስኩ ከቦርሳዬ ነበር። እጄ ገብቶ ነካው፣ ተመልሶ ተወው።
ፕላስተር ቆረጠና በነፃ አሰረልኝ፤ መሐል ላይ ሳለ።
«ሽማግሌው ግን» አልኩት ስወጣ፣ «አልወደቀም፣ አይደል?»
«የትኛው?» አለ።